ከተያዥ እስከ ቃለ መጠይቅ፤ የታማኝ ጽዳት ሠራተኛ ፍለጋ ታሪክ

ቢሮ ተዘግቶ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ቁልፉ በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ይቀራል። እርስዋም፣ ደመወዝዋ በግቢው ውስጥ ካለው ሁሉ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ የሥራ አስኪያጁን ክፍል፣ የገንዘብ ያዡን ጠረጴዛና የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ብቻዋን እየዞረች ትከፍታለች፤ ትወለውላለች፤ ትዘጋለች። የክፍል ኃላፊው እንኳ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲገባበት የማይፈቀድለትን በር እርስዋ በየማታው ትገባበታለች። እምነትና ደመወዝ ይህን ያህል ተራርቀው የሚገኙበት ሌላ ሙያ ብዙ አይመስለኝም።

ከዚህም የተነሣ ቤትንና ቢሮን የሚያጸዳ ሰው ለመቅጠር የተነሣ አሠሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲያስጨንቀው ኖሯል። ይኸውም «ይህን የማላውቀውን ሰው በምን አምኜ ቤቴን ላስረክበው?» የሚል ነው። የመጥረግና የመወልወል ችሎታ በግማሽ ቀን ይታያል፤ ታማኝነት ግን ጊዜ ይፈልጋል። አሠሪው ደግሞ የሚቸኩለው ለዛሬ ነው። ስለሆነም ጊዜ የሚገልጠውን ነገር በአንድ ቀን ለማወቅ ሲል አንዳንዴ የሌላ ሰው ዋስትና ጠይቋል፤ አንዳንዴ ወረቀት ተመልክቷል፤ በኋላም አመልካቹን ፊት ለፊት አስቀምጦ መርምሯል። እነዚህ ሦስቱ መንገዶች እንዴት እንደ ተወለዱና ማንን እንደ ጠቀሙ፣ ማንንም እንደ በደሉ መመልከት ለሙያችን ጥቅም ያለው ይመስለኛል። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን ዓ.ም. ተብለው በራሳችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በአገራችን ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው ተያዥ ነው። ቃሉ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል። ተያዥ ማለት ሌላው ሲጠፋ ወይም ሲያጠፋ በእርሱ ፈንታ የሚያዝ ሰው ነው። ዋስ በችሎትም፣ በገበያም፣ በብድርም የሚጠራ ሰፊ ቃል ሲሆን፣ ተያዥ ግን በተለይ ከቅጥር ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በገጠር ተያዥ መጥራት ብዙም አያስፈልግም ነበር፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ መባሉ ራሱ ዋስትና ነውና። የጠፋውን ሰው የሚያውቀው አገሩ ነው፤ አገሩም የትም አይሄድም። ከተማ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች የሚገናኙበት ስፍራ ስለሆነ፣ ተያዡ ያንን የቀረውን አገር በአንድ ሰው አካል ወደ ከተማ ይዞት ይመጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። የትልልቆቹ ቤቶች ሥራ ለብዙ ዘመን የተሠራው በደመወዝ አልነበረም። በባሪያ፣ በጥገኛና በዘመድ ልጅ ነበር። ባርነት ደረጃ በደረጃ እንዲቀር በ1916 ዓ.ም. ድንጋጌ ወጣ፤ ፈጽሞ በሕግ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የቤት ሠራተኛ የሚባለው ሰው፣ ማለት በወር ደመወዝ ተስማምቶ የሚገባና ሲፈልግ የሚወጣ ሰው፣ በከተሞቻችን በብዛት የታየው ከዚያ ወዲህ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ባሪያን ያዘዘ ጌታ ስለ ታማኝነት ምስክር አልጠየቀም፤ የጠየቀው አለንጋውን ነበር። ስለዚህ የተያዥ ነገር፣ ምንም ጉድለት ቢኖረው፣ ነፃ ሰው ከነፃ ሰው ጋር ሲዋዋል የመጣ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን በዝርዝር ደንግጓል። ከድንጋጌዎቹ መካከል ለእኛ ሙያ ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው፣ የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንቀጽ 1922 የሚገኘው፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ ከፍተኛው መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም የሚለው ነው። ይህ ሁለተኛው ጥበብ ያለበት ሕግ ነው። ድሀ ዘመዱን ለማስቀጠር ብሎ የፈረመ ሰው ዕድሜ ልኩን በማያውቀው ዕዳ እንዳይታሰር ይከላከላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ስንዘዋወር ያየናቸው የተያዥነት ቅጾች ስንቶቹ የገንዘብ ልክ አላቸው? «ለሚያጠፋው ንብረት ሁሉ እኔ ኃላፊ ነኝ» የሚል አንድ መሥመር፣ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም፣ ይኸው ነው። ሕጉ እንዲህ ላለው ወረቀት ዋጋ አልሰጠውም። ቅጹ የቆየው ስለሚያስከፍል ሳይሆን ስለሚያስፈራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ለንደን እንሻገር፤ በወረቀት የማመን ልማድ ከነሕመሙ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በዚያ ነውና።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ከገጠር በሚፈልሱ ወጣቶች ተጨናንቃ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጃገረዶች በሰው ቤት ለማገልገል የሚመጡ ነበሩ። ሠዓሊው ዊሊያም ሆጋርት በ1732 ባሳተማቸው ተከታታይ ሥዕሎች የመጀመሪያው ላይ፣ ከገጠር ገና የገባች አንዲት ልጅ ከሠረገላ ወርዳ ስትቆም፣ አቃጣሪዋ አሮጊት በፈገግታ ስትቀበላት ይታያል። በመርካቶ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። አሠሪዎች በበኩላቸው፣ አገልጋዮች ብር ማንኪያ ይዘው ይጠፋሉ፣ ለሌባ በር ይከፍታሉ፣ ዛሬ ገብተው ነገ ይወጣሉ እያሉ ያማርሩ ነበር። ደራሲው ዳንኤል ዲፎ በ1725 ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አሳትሟል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ብለው ከተነሡት መካከል ሁለት ወንድማማቾች ይገኛሉ። አንደኛው በ1749 «ቶም ጆንስ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው ሄንሪ ፊልዲንግ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአባት የሚገናኘው ወንድሙ ጆን ፊልዲንግ ነው። ሄንሪ የለንደን ዳኛ ነበር፤ ጆንም ከእርሱ በኋላ በዚያው ወንበር ተቀምጧል። ጆን ከወጣትነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። እነዚህ ወንድማማቾች በየካቲት 1750 ስትራንድ በተባለው ጎዳና ላይ ሥራ ፈላጊንና አሠሪን፣ ገዥንና ሻጭን የሚያገናኝ አንድ ትልቅ የመዝገብ ቤት ከፈቱ። አገልጋይ የሚፈልግ ሰው መጥቶ መዝገቡን ያስገልጣል፤ ሥራ የሚፈልግም መጥቶ ስሙን ያስጽፋል። ጥርጣሬ ያለበትን ሰው እንደማይመዘግቡም ለሕዝብ አስታወቁ። ቀን ሌባ ላይ የሚፈርዱ ሰዎች ስለሆኑ ይህ ቃላቸው ክብደት ነበረው። ሌሎችም ወዲያው ተከትለው ተመሳሳይ ቢሮ ከፈቱ፤ አንደኛው ተወዳዳሪ እንዲያውም ከእነርሱው ቤት የወጣ ሠራተኛ ነበር። ይሁን እንጂ መልካም ስም የሚሸጥበት ቤት ሲበዛ ክፉ ነጋዴም መግባቱ አልቀረም። በ1761 በለንደን መድረክ ላይ የታየ አንድ ቧልት ተውኔት ርእሱም ጭብጡም ይኸው የመዝገብ ቤት ነበር፤ ልጃገረዶችን ለሥራ ብሎ ወደ ጥፋት የሚልክ ቤት ሆኖ ቀርቧል።

በዚያ ዘመን እንግሊዞች የቀድሞ ጌታ ስለ አገልጋዩ የሚሰጠውን ምስክርነት «ጠባይ» ብለው ይጠሩት ነበር። ጠባይ የሌላት ልጅ ሥራ የላትም። ቃሉን ልብ ይሏል፤ ጠባይ በሰው ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሰው ጽፎ የሚሰጠው ወረቀት ሆነ። እንዲህ ያለ ውድ ወረቀት ደግሞ ሐሰተኛው መፈጠሩ የማይቀር ነው። አንዳንዱ ጌታ ከቤቱ ለማስወጣት ሲል ለሌባው መልካም ምስክርነት ይጽፋል፤ አንዳንዱ አገልጋይ ሌላ ሰው ጌታ አስመስሎ ያቀርባል፤ አንዳንዱም ራሱ ይጽፈዋል። በመጨረሻም ምክር ቤቱ በ1792 የአገልጋዮችን ምስክርነት የሚመለከት ሕግ አወጣ። ሐሰተኛ ምስክርነት የሰጠም ሆነ በሐሰተኛ ምስክርነት የተቀጠረ ሰው 20 ፓውንድ እንዲቀጣ፣ መክፈል ያልቻለም እንዲታሰር ደነገገ። ይህ ገንዘብ ከአንዲት ተራ አገልጋይ የዓመት ደመወዝ ይበልጥ ነበር። ጌታው ይከፍለዋል፤ አገልጋይዋ ግን ትታሰራለች። ሕጉ ቃሉ ለሁለቱም እኩል ሆኖ ሳለ ቅጣቱ የሚያርፈው በአንደኛዋ ላይ ነበር። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስም ሳይሻር ቆይቷል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላው ነገር ነው። በ1800 በታየ አንድ ክርክር የለንደኑ ዳኛ፣ ጌታ ለተሰናባች አገልጋዩ ምስክርነት ለመስጠት በሕግ አይገደድም ሲሉ ፈረዱ። ያለ ወረቀት ማንም አይቀጥራትም፤ ወረቀቱን ግን መስጠትና አለመስጠት በጌታው ፈቃድ ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት በታማኝነት ያገለገለች ሴት፣ በመጨረሻው ሳምንት ከእመቤትዋ ጋር ብትጣላ አሥር ዓመትዋ እንዳልነበረ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ምስክርነት የሚጽፍ አሠሪ በጥንቃቄ ጉድለት ለሚያደርሰው ጉዳት ለሠራተኛው ኃላፊ መሆኑ በከፍተኛው ችሎት የተወሰነው ገና በ1994 ነው።

በአህጉረ አውሮፓ ያሉ መንግሥታት ጉዳዩን ለጌቶች ፈቃድ አልተዉትም፤ ፖሊስን አገቡበት። በፈረንሳይ በ1803 በወጣ ሕግ ሠራተኛው የሥራ ደብተር እንዲይዝ ተገደደ። ቀጣሪው ደብተሩን ይይዛል፤ ሠራተኛው ያለበት የቅድሚያ ክፍያ ዕዳም በዚያው ይጻፋል፤ ደብተር የሌለውም መንገደኛ እንደ ወሮበላ ሊቆጠር ይችላል። ይህ ልማድ ፈጽሞ የተሻረው በ1890 ነበር። በፕሩሲያም የቤት አገልጋዮች ሕግ በ1810 ወጥቶ፣ ከ1846 ጀምሮ እያንዳንዱ አገልጋይ የአገልግሎት ደብተር እንዲኖረው ታዘዘ። ይህ ሕግ የወደቀው ከንጉሡ ጋር ነው፤ በኅዳር 1918 አብዮቱ በተነሣ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ተሻረ።

ጀርመኖች ከዚያ ወዲህ የያዙት መንገድ ግን ለእኛ ለባለሙያዎች ፈገግታ የሚጭር ነው። ከ1900 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ለሠራተኛው የሥራ ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት ሰጠው። ፍርድ ቤቶችም ወረቀቱ እውነተኛም፣ ለሠራተኛው በጎ አስተሳሰብ ያለበትም እንዲሆን አዘዙ። እውነቱ ክፉ ሲሆን በጎ አድርጎ መጻፍ እንዴት ይቻላል? አሠሪዎቹ ቅኔ ፈጠሩ። «ሥራዋን ዘወትር እጅግ በተሟላ ሁኔታ እርካታ በሚሰጠን መንገድ ፈጽማለች» ተብሎ ከተጻፈ በጣም ጎበዝ ናት ማለት ነው። «እርካታ በሚሰጠን መንገድ ፈጽማለች» ብቻ ከሆነ ደካማ ናት። «ለመሥራት ጥራለች» ከተባለ ግን ምንም አልሠራችም። ሰሙ ምስጋና ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው ቀጣሪው ነው። ዛሬም እንዲሁ ይጻፋል።

የአገራችን የሠራተኛ ሕግ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የዳነ ይመስላል። አሠሪው፣ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ስለ ጠባይ አንድ ቃል አልጨመረም። በእኔ አስተያየት ይህ ዝምታ መልካም ዝምታ ነው። በአንድ ሕንጻ ስድስት ዓመት የሠራች የጽዳት ሠራተኛ፣ ስድስት ዓመት መሥራትዋ ብቻ ከማንኛውም ውዳሴ የበለጠ ይናገርላታል። ችግሩ፣ በግለሰብ ቤት የምትሠራው ሴት ይህን ወረቀት አለማግኘትዋ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011ዱም አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰናቸው ውጭ አድርገው፣ ሌላ ደንብ እንዲወጣለት ትተውታል። ስለዚህ ለጽዳት ድርጅት ከሚያመለክቱት ሴቶች ብዙዎቹ ልምዳቸው በሰው ቤት የተገኘ ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ።

ይህን ባዶ ስፍራ የሞላው ደላላ ነው። ስለ ደላላ ክፉውን መናገር ቀላል ስለሆነ በጎውንም ልጨምር። ሥራ ፈላጊዋ ማደሪያ በሌላት ሌሊት የሚያሳድራት፣ ከተማውን የሚያስተዋውቃት አንዳንዴ እርሱ ብቻ ነው። ነገር ግን ደላላ የሚከፈለው ሰው ባገናኘ ቁጥር እንጂ ሰው በቆየ ቁጥር አይደለም። አንዲት ሠራተኛ በአንድ ቤት አምስት ዓመት ብትቀመጥ ያገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ በየሦስት ወሩ ብትወጣ ግን ሃያ ጊዜ ያገኛል። ይህን ሒሳብ ላለማየት ዓይንን መጨፈን ይጠይቃል። የ1968 ዓ.ም. የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ቅጥርን በመንግሥት የሥራ ማገናኛ በኩል እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ ደላላው ግን በየሰፈሩ አልጠፋም። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን ሲፈቅድ፣ ከፈቃድ አውጪዎቹ ብዙዎቹ ዓይናቸውን የጣሉት ወደ ዓረብ አገሮች ነበር። በዚያም አንድ የሚያስገርም የቃል መገልበጥ እናገኛለን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ ሠራተኛን የሚያስገባው አሠሪ «ከፊል» ይባላል፤ በዓረብኛ ዋስ ወይም ተያዥ ማለት ነው። እዚህ ተያዥ የሚያቀርበው ሠራተኛው ሲሆን፣ እዚያ ተያዡ ራሱ አሠሪው ነው። እኅቶቻችን ፓስፖርታቸው ተቀምቶ፣ ያለ ተያዡ ፈቃድ ቤት መለወጥም ሆነ አገር መግባት አቅቷቸው የተሠቃዩት በዚህ ቃል ሥር ነው።

ጽዳት በድርጅት ደረጃ መሠራት ሲጀምርም የእምነት ጥያቄው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ በዓለም ላይ ከታላላቆቹ የጽዳት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የዴንማርኩ አይ.ኤስ.ኤስ. በ1901 በኮፐንሃገን ሲቋቋም የሌሊት ጥበቃ ድርጅት ነበር፤ ወደ ጽዳት የገባው በ1934 ነው። ይህ ድንገተኛ አይመስለኝም። የሕንጻው ቁልፍ በሌሊት ለዘበኛው ተሰጥቷል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ባልዲም ቢይዝ ባለቤቱ አዲስ እምነት አይጠየቅም። የአሜሪካው ኤ.ቢ.ኤም. ደግሞ በ1909 በሳን ፍራንሲስኮ በመስኮት አጣቢነት ተጀመረ፤ መስኮት ከውጭ ይታጠባል፤ እምነቱ እያደገ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይገባል።

በኮንትራት ጽዳት ሥርዓት ባለሕንጻው ሠራተኛዋን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ድርጅቱን ነው። ድርጅቱም ተያዥዋ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ጨረታው የሚሸነፈው በዋጋ ስለሆነ፣ የጽዳት ወጪ ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ድርጅት ከደመወዝ በቀር ብዙ የሚቀንሰው ነገር የለውም። በለንደን ራስዋ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ የነበረችው ሜይ ሆብስ ከ1970 ጀምሮ ጓደኞችዋን አስተባብራ፣ በ1972 በመከላከያ ሚኒስቴር ሕንጻዎች የሥራ ማቆም እስከ መደረግ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚያ ሴቶች ሌሊት የሚሠሩት ቀን ልጆቻቸውን ስለሚጠብቁ ነበር። በ1990 በሎስ አንጀለስ የጽዳት ሠራተኞች ሰልፍ በፖሊስ ዱላ ተበትኖ፣ ከዚያም ወዲህ የኅብረት ስምምነት የተገኘው በዚሁ ጥያቄ ነው። አሠሪዎች «ሠራተኛ አይበረክትልንም» ሲሉ የሠራተኛውን ጠባይ ይወቅሳሉ፤ የጨረታውን ሰነድ ግን አያነቡም።

ሦስተኛው መንገድ ቃለ መጠይቅ ነው። ሰውን አስቀምጦ መጠየቅ የቆየ ነገር ቢሆንም፣ ምን ያህል እንደሚያዋጣ መመርመር የተጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዋልተር ዲል ስኮት በ1915 ያቀረበው ጥናት፣ ልምድ ያላቸው የሽያጭ ኃላፊዎች የተመለከቷቸውን አመልካቾች በማበላለጥ ረገድ እንደማይስማሙ አሳየ። በ1922 የታተመው የሆሊንግወርዝ ሥራም 12 ኃላፊዎች 57 አመልካቾችን ሲመዝኑ፣ አንዱ ከፊተኞቹ ያስቀመጠውን ሌላው ከኋለኞቹ እንዳደረገው አስረዳ። ሰውን በዓይን አይቶ ማወቅ የሚችል ለሚመስለው ሁሉ ይህ መራራ ዜና ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ሰው አልሰማውም። ታላቁ ፈልሳፊ ቶማስ ኤዲሰን እንኳ በ1921 ከመቶ በላይ ጥያቄ አዘጋጅቶ አመልካቾቹን የጂኦግራፊና የታሪክ ዕውቀት ሲፈትን፣ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ መሳቂያ ሆኗል።

እውነተኛ መሻሻል የመጣው ጥያቄው ከሥራው ከራሱ ሲወሰድና ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። በ1980 ላተምና ጓደኞቹ በጣውላ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሞከሩት ዘዴ ይህ ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ እንዲህ ያለ ነው፤ ባለቤትህና ሁለት ልጆችህ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል፣ የሚያያቸው ሰው የለም፣ ተራህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ ምን ታደርጋለህ? እቤት እቀራለሁ ያለ ዝቅተኛውን ነጥብ፣ ለአለቃዬ ደውዬ አስረዳለሁ ያለ መካከለኛውን፣ ጉንፋን ብቻ ስለሆነ ወደ ሥራ እመጣለሁ ያለ ከፍተኛውን ያገኛል። ዘዴው ጠቃሚ ነው። ይሁንና ልጅዋን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ፊት ይህን ጥያቄ ያስቀመጠ ሰው፣ ታማኝነትን እየለካ ነው ወይስ ሞግዚት መኖር አለመኖሩን? ስልክ መደወልን ከፍተኛ ነጥብ ብሰጠው እመርጣለሁ። በጽዳት ሥራ የሚያጠፋን የቀረችው ሠራተኛ ሳትሆን፣ እንደምትቀር ያልተነገረን ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡት ጥናቶች ልዩነቱን በቁጥር ያሳያሉ። ሽሚትና ሀንተር በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ሲያጠቃልሉ፣ በሥርዓት የተዘጋጀው ቃለ መጠይቅ ከኋላ የሥራ ውጤት ጋር ያለው ተዛምዶ 0.51፣ እንዲያው የሚደረገው ጭውውት ደግሞ 0.38 መሆኑን ገለጹ። በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ሒሳቡን አርመው 0.42 እና 0.19 አደረሱት። ቁጥሮቹ ቢወርዱም ልዩነቱ ሰፋ።

ለጽዳት ሥራ ግን ከማንኛውም ጥያቄ የሚበልጥ ፈተና አለ፤ እርሱም ባልዲው ነው። አመልካችዋን አንድ ክፍል፣ መወልወያ፣ ሁለት ጨርቅና ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ማየት። ከመደርደሪያው ትጀምራለች ወይስ ከወለሉ? ሥራውን የምታውቅ ሴት ከላይ ወደ ታች፣ ከጥግም ወደ በር ትሠራለች፤ ወለል መጀመሪያ የወለወለች ሁለት ጊዜ ትወለውላለች። የመጸዳጃ ቤቱን ጨርቅ ከጠረጴዛው ጨርቅ ትለያለች? በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር መደባለቅ መርዛማ ጋዝ እንደሚያመነጭ ታውቃለች? ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ታነሣለች፣ ትጠይቃለች፣ ወይስ ዙሪያውን ታብሳለች? ከዚህ የመጨረሻው ውስጥ ታማኝነትም ጭምር ይታያል። በአንጻሩ «ገንዘብ ወድቆ ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ዝነኛ ጥያቄያችን ምንም አይገልጥም፤ መልሱን ሌባም ያውቀዋል። በአሜሪካ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ እንኳ በየሱቁ ሲሠራበት ኖሮ በ1988 በወጣ ሕግ ለአብዛኛው የግል አሠሪ ተከልክሏል።

የቀረውን ለጊዜ መተው ነው። ሕጋችንም ጊዜውን ሰጥቷል። የሙከራ ጊዜ በቀድሞዎቹ አዋጆች 45 ቀን የነበረው፣ በ2011ዱ አዋጅ 60 የሥራ ቀን ሆኗል። ከሁለት ወር በላይ የሆነ ጊዜ ከማንኛውም ተያዥ የበለጠ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የሙከራ ጊዜውን እንደ ጌጥ ተመልክተን ተያዡን እንደ ግዴታ እንይዛለን።

ስለዚህ ነገር እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ክፍል ስሠራ፣ ለጽዳት ሥራ ከቀረቡት አሥራ አራት ሴቶች አንዲትዋ በተግባር ፈተናው ከሁሉ በለጠች። ከጎጃም ገጠር መጥታ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ነበር። ተያዥ አምጪ አልናት። ደመወዝተኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ የሚያቀርብ፣ መታወቂያ ያለው፣ ደንቡ እንደሚለው። አንገትዋን ደፍታ ወጣች፤ እኔም ሁለተኛዋን ልጠራ ስሙን ከመዝገቡ አወጣሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው አስከትላ ተመለሰች። ሰውዬው ደብዳቤውን አቀረበ፤ ፈረመ፤ ሳይቀመጥ ሄደ። ቅጹ ሙሉ ስለሆነ ተቀጠረች።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማታ ዘግይቼ ስሠራ ክፍሌን ልታጸዳ ገባች። ስለ ተያዥዋ ደኅንነት ጠየቅኋት። መወልወያውን አቁማ፣ «አላውቃቸውም፣ ጋሼ» አለችኝ። «ደላላው ነው ያገኘልኝ። የሦስት ወር ደመወዜን ከፍያቸው ነው የፈረሙልኝ።»

የተፈረመው ቅጽ በመዝገብዋ ውስጥ እንደ ተሰፋ ነበር። ጉዳዩን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት ስለቅም የፎቁ ቁልፎች ሁሉ በእርስዋ እጅ ነበሩ፤ አንድም ነገር ጠፋ ሲባል አልሰማሁም።